ጤና አዳም ሲያቃጥል

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ግቢ ላጸዳ ተነሳሁ። ከኩሽናው አጠገብ ያለው ጤና አዳም ጫካ ሆኖ መተላለፊያውን ዘግቶታል። እጅጌዬን ሰበሰብኩና በመቀስ ከረከምኩት። የቆረጥኩትን በክንዴ አቅፌ እየተመላለስኩ ጣልኩ። ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ላብ በላብ ሆኛለሁ። ሽታው ግን ደስ ይላል።

የዚያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። በማግስቱ ማታ ክንዴ ይለበልበኝ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከእጄ አንጓ እስከ ክርኔ ቀይ መስመር መስመር ሠርቶ፣ ቦታ ቦታ ውሃ ቋጥሮ አገኘሁት። ጎረቤት ምርመራውን ወዲያው ጀመረ። አንዷ እናት "ሸረሪት ሸንታብህ ነው" አሉኝ። ሌላው "ኧረ አልማዝ ባለጭራ ነው" አሉ። መድኃኒቱ ላይ ግን ሁሉም ተስማሙ። ጤና አዳም ተቀጥቅጦ ይቀባ!

ደግነቱ ግቢው ውስጥ የተረፈ ጤና አዳም አልነበረም። ከርክሜ ጨርሼዋለሁ።

ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ሐኪም ክንዴን ገልበጥ አድርጋ አየችና "ሰሞኑን ፀሐይ ላይ ሎሚ ስትጨምቅ ነበር? ወይስ አትክልት ስትከረክም?" አለችኝ። ነገርኳት። "እሱ ነው ያቃጠለህ" አለች።

ለመቀበል ተቸገርኩ። ጤና አዳም እኮ ነው! ከልጅነቴ ጀምሮ ሲኒዬ ውስጥ ሲነከር ያየሁት፣ ሆዴን ሲቆርጠኝ እናቴ አኝከው ብላ የምትሰጠኝ። ስሙ ራሱ "ጤና" ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ነገሩን ማገላበጥ ያዝኩ። ያገኘሁት ይህ ነው። ቅጠሉ ዛሬም በየግቢውና በየጉልቱ አለ። ከቅጠሉ ጋር የነበረው ልክ ግን እየጠፋ ነው። ምን ያህል፣ ለማን፣ ከዚያስ በኋላ የት ይዋላል የሚለው።

ተክሉን የማያውቀው ባይኖርም ትንሽ ላስተዋውቀው። ሳይንሳዊ ስሙ ሩታ ቻሌፔንሲስ ነው። ቻሌፔንሲስ የሚለው ከሶርያዋ ከተማ ከአሌፖ የመጣ ነው። ትግርኛ ተናጋሪዎች ጨና አዳም ይሉታል፤ ጨና ማለት ሽታ ነው። ለእኔ የእነሱ ስም ተክሉን የበለጠ ይገልጸዋል። ከሎሚና ከብርቱካን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አይመስልም አይደል? አንድ ቅጠል ቀጥፋችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። በመርፌ የተወጋጋ ይመስል ነጠብጣብ ነጠብጣብ ታያላችሁ። የዘይት ከረጢቶች ናቸው። የብርቱካን ልጣጭ ላይ ያሉት ጉድጓዶችም እንደዚያው ናቸው። በጣታችሁ ስታሹት ከረጢቶቹ ይፈነዱና ሽታው ይወጣል። ቆዳ የሚያቃጥለው ነገርም በጭማቂው አብሮ ይወጣል።

ይህ ነገር ፉራኖኩማሪን የሚባል የውህድ ዓይነት ነው። ጥላ ውስጥ ያን ያህል አይተናኮልም። ቆዳ ላይ አርፎ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ኤ ጨረር ሲያገኘው ግን ከቆዳ ሴሎች ዲኤንኤ ጋር ይጣበቃል፤ ሴሎቹም ይጎዳሉ፣ ይሞታሉ። አለርጂ አይደለም። "እኔ አለርጂ የለብኝም" የሚለውም አያመልጥም። በቂ ጭማቂና በቂ ፀሐይ ካገኘ ማንንም ያቃጥላል። ቆዳው በላብ ወይም በውሃ ከራሰ ደግሞ ይብሳል።

ነገሩን አሳሳች የሚያደርገው መዘግየቱ ነው። ሕመሙ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀን በኋላ ነው፤ የሚብሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን። እስከዚያ ድረስ ቅጠሉን የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ ሸረሪት ትከሰሳለች። ቃጠሎው ሲድን ደግሞ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል፤ የእኔ እስከ መስቀል ድረስ ነበር።

እኛ አገር ፀሐዩም ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል። ቆዳ ግን ብርዱን አይቆጥርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የዚሁ ውህድ ቤተሰብ በሐኪም እጅ መድኃኒት ሆኗል። በግብፅ ከጥንት ጀምሮ ለለምጽ የሚያገለግል አንድ የአባይ ሸለቆ ተክል አለ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ግብፃውያን ተመራማሪዎች ከዚያ ተክል ሜቶክሳለን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለዩ። ዛሬ የቆዳ ሐኪሞች ለለምጽና ሶሪያሲስ ለሚባለው የቆዳ በሽታ ይጠቀሙበታል። ጤና አዳም ውስጥም ይገኛል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ሐኪም ቤት መጠኑ ይለካል፣ ብርሃኑ በልዩ መብራት ይሰጣል፣ ዓይን ይሸፈናል። ቅጠል ቀጥቅጦ ለምጽ ላይ ቀብቶ ፀሐይ መሞቅ ሌላ ነገር ነው። ምን ያህል እንዳቃጠላችሁ የምታውቁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ምች የመታው ሰው ለምን ይሸፈናል?

ምች ሲመታ ዋናው መድኃኒት ዳማከሴ ነው። ብዙ ቤት ግን ጤና አዳምም ይጨመርበታል። ቅጠሉ በእጅ ይታሻል፣ ግንባር፣ አንገትና ደረት ይቀባል፣ ጥቂት ጠብታም በቡና ይጠጣል። ከዚያስ? ታማሚው ጋቢ ተደርቦለት ይተኛል። "ነፋስ እንዳያገኝህ፣ ፀሐይ እንዳትወጣ" ይባላል። ላብ እስኪያሰምጠው ከቤት አይወጣም።

እናቶቻችን ስለ ፉራኖኩማሪን ሰምተው አያውቁም። ምች ራሱ ከፀሐይ ይመጣል ብለው ነው ከፀሐይ የሚከለክሉት። ውጤቱን ግን እዩት። ጤና አዳም የተቀባው ቆዳ ጨረር ሳያገኘው ይውላል። እኔ እንደሚመስለኝ ቅጠሉ ብዙ ሰው ሳያቃጥል የኖረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። መድኃኒቱ ቅጠሉ ብቻ አልነበረም። ጋቢውም አብሮ ነበር።

አሁን ጋቢው ቀርቷል። ሰው ጠዋት ጤና አዳም ይቀባና ታክሲ ሰልፍ ላይ ይቆማል። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ደግሞ ነገሩ ወደ ውበት ዞሯል። ሎሚና የተቀጠቀጠ ቅጠል ለማድያት፣ ለብጉር፣ ለፀጉር መሳሳት። እንዲህ ዓይነት ነገር ሼር ሲደረግ የሚቆረጠው ሁልጊዜ መጨረሻው ነው። ምን ያህል ይቆይ፣ በምን ይታጠብ፣ ከዚያ የት ይዋላል የሚለው የለም። የአንዳንድ ሎሚ ልጣጭና ጭማቂም ያንኑ ውህድ ይይዛል። ሁለቱን ደርባችሁ ፊታችሁን ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ ከወጣችሁ፣ ማድያቱን ልታጠፉ ብላችሁ ሌላ ጥቁረት እየጨመራችሁ ነው።

ቅጠሉ ከነካችሁ ቶሎ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። ቦታውን ቢያንስ ለሁለት ቀን ከፀሐይ ሸፍኑት። ውሃ ከቋጠረ አታፍርጡት፤ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ አድርጉበት። ሰፊ ከሆነ፣ ዓይን አካባቢ ከሆነ ወይም የተቃጠለው ልጅ ከሆነ ጤና ተቋም ሂዱ። ልጆች ግቢ ውስጥ ቅጠል እየቀጠፉ "እቃቃ" እንደሚጫወቱ አትርሱ።

ሲኒው እና ጠርሙሱ

አሁን ወደ ሆድ እንግባ። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ "እና ቡናዬን ልተው?" እያለ ነው። ኧረ አትተው።

አንድ ቀንበጥ ጤና አዳም ትኩስ ቡና ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ሲነከር የሚለቀው በጣም ትንሽ ነው፤ መዓዛ ነው በሉት። ነፍሰ ጡር ላልሆነ ጤነኛ አዋቂ ሰው በዚህ መጠን የሚያስፈራ ነገር አልታየም። በርበሬ ሲዘጋጅ የሚገባው የደረቀ ፍሬም እንደዚያው ነው። ከስንት ኪሎ በርበሬ ጋር ተፈጭቶ ስንት ወር ይበላል።

ጣጣው የሚመጣው መጠኑ ሲዘል ነው። "ለሆድ ጥሩ ነው" የሚለው ወሬ "ብዙ ከሆነ የበለጠ ጥሩ ነው" ወደሚል ይለወጣል። አንድ እቅፍ ቅጠል በብሌንደር ተፈጭቶ በባዶ ሆድ በብርጭቆ ይጠጣል። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ "ደም ለማጥራት" እየተባለ። ይህ ከሲኒው ጋር የሚያገናኘው የቅጠሉ ስም ብቻ ነው። ከልክ በላይ የተወሰደ ጤና አዳም ሆድ ዕቃን ያስቆጣል፣ ያስታውካል። ጉበትና ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ ላይ፣ ለልቤ ይጠቅመኛል ብለው የአውሮፓውን የጤና አዳም ዘመድ ቀቅለው የጠጡ አሮጊት የልብ ምታቸው ወርዶ፣ ኩላሊታቸው ደክሞ፣ የደማቸው መርጋት ተዛብቶ ሆስፒታል እንደገቡ ተጽፏል።

ዘይቱ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። አሁን በትንንሽ ጠርሙስ እየተሞላ "ንጹሕ የተፈጥሮ ዘይት" ተብሎ ይሸጣል። ስሌቱ ይህን ይመስላል። ከ100 ኪሎ ትኩስ ቅጠል የሚወጣው ዘይት ብዙውን ጊዜ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንዲት ማንኪያ ዘይት ስንት እቅፍ ቅጠል እንደሆነች አስቡት። በሺህ ዓመት ታሪካችን ውስጥ ማንም ያንን ያህል ጤና አዳም በአንድ ጊዜ አልጠጣም። "አያቶቻችን ሲጠቀሙበት የኖሩት ነው" የሚለው የሻጩ ወሬ እዚህ ላይ አይሠራም። አያቴ ዘይቱን አይታው አታውቅም። ዘይቱ አይጠጣም፤ ሳይበረዝ ቆዳ ላይም አይቀባም።

ለእንግዳ ልጅ ጤና አዳም

ይህን ክፍል ስጽፍ እናቴ ጭምር እንደምትቆጣኝ አውቃለሁ።

ሕፃን ሲያለቅስ፣ እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ሲወራጭ፣ "ቁርጠት ነው" ይባላል። ጤና አዳም ተቀጥቅጦ በጨርቅ ይጨመቅና በማንኪያ አፉ ላይ ጠብ ጠብ ይደረጋል። አንዳንዱ ማር ያክልበታል። አብዛኛው ሰው "እኔም በሱ ነው ያደግኩት" ይላል። እውነቱን ነው፤ እኔም በሱ ነው ያደግኩት።

ግን የሕፃናት የቁርጠት ለቅሶ የራሱ የጊዜ ሰሌዳ አለው። ከተወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት እየጨመረ ሄዶ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ይብሳል። ከዚያ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር በራሱ ይተዋል። ስለዚህ በሁለተኛው ወር የሰጣችሁት ማንኛውም ነገር "አሻረው" ይባላል። ጤና አዳም ቢሆን፣ ፀበል ቢሆን፣ የአክስት ምክር ቢሆን። ምስጋናውን የወሰደው ጊዜው ሲደርስ እዚያ የተገኘው ነው።

ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። የጨቅላ ጉበት እንዲህ ያለውን ነገር ለመፍታት ገና አልጠነከረም። ለአዋቂ ጠብታ የሆነው ለሦስት ኪሎ ሰው ብዙ ነው። ቅጠሉና ውሃው የሚያመጡት ተቅማጥም አለ። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጨርሶ አይሰጥም፤ ነርቭ የሚያሽመደምድ ቦቱሊዝም የሚባል በሽታ የሚያመጣ ተህዋስ ሊኖረው ይችላል። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ የሚባለው "ብቻ"ዋ ውሃንም ጤና አዳምንም ታስቀራለች። ልጁ ትኩሳት ካለው፣ ጡት አልጠባም ካለ፣ አረንጓዴ ካስታወከ ወይም ሆዱ ከተነፋ ነገሩ ቁርጠት ላይሆን ይችላል፤ ቅጠል ፍለጋ የሚጠፋው ሰዓት ዋጋ ያስከፍላል።

ከቡዳ ለመጠበቅ ተብሎ በጨርቅ ተቋጥሮ ከነጭ ሽንኩርት ጋር የሚንጠለጠለውስ? በእሱ ላይ አልከራከርም። ቆዳው ላይ ካልታሸ፣ ክሩ አንገቱ ላይ ካልታሰረ፣ አፉም ካልደረሰ ሽታ ብቻ ነው።

ነፍሰ ጡር ላይ ግን ድርድር የለኝም። ጤና አዳምና ዘመዶቹ ማሕፀን እንደሚያነቃቁ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። ብዙ አዋላጅ እናቶችም "እርጉዝ አታብዛው" ይላሉ። እኔ ይህን የምወስደው ከሰሙት ሳይሆን ካዩት እንደተናገሩት አድርጌ ነው። በአንዳንድ አገሮች ሴቶች በድብቅ ለማስወረድ ይጠጡታል። ከኡራጓይ የመርዝ መረጃ ማዕከል የወጣ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ የጤና አዳም ዘመድ የሆነውን ተክል ለዚህ ብለው የጠጡ ሴቶች ላይ የብዙ የሰውነት ክፍሎች ሥራ ማቆምና ሞት ጭምር መዝግቧል። ጽንሱን የሚያስወርደው መጠን እናትየውን ከሚመርዘው መጠን አይርቅም። በእኛ አገር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ጽንስ በሕክምና ተቋም የሚቋረጥባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። የተጨነቀች ልጅ ያላችሁ ጤና ተቋም ይዛችኋት ሂዱ። ነፍሰ ጡር ሴት ሲኒዋ ውስጥ ይነከር የነበረውን ቀንበጥም ብትተወው እኔ እመርጣለሁ፤ ቡናው ብቻውን ይበቃታል።

መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችስ? አንቲባዮቲኩ ዶክሲሳይክሊን ወይም ለግፊት የሚሰጥ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቆዳን ራሳቸው ለፀሐይ ያጋልጣሉ፤ በእነሱ ላይ ጤና አዳም መቀባት እሳት ላይ ጋዝ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ጭማቂውን ባይሞክረው ይሻላል። ፋርማሲስቱ "ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?" ሲል ቅጠሉም ይቆጠራል። እኛ ግን "የለም" እንላለን። ቅጠልን መድኃኒት የምንለው ስንጠቀምበት ነው፤ ስንጠየቅ ቅመም ይሆናል።

ታዲያ ጤና አዳም ምንም አይሠራም ማለቴ ነው? አይደለም። ተመራማሪዎች በላብራቶሪና በአይጦች ላይ ባክቴሪያን እንደሚያዳክም፣ እብጠትና ሕመም እንደሚቀንስ አይተዋል። ሽታውን ከሚሰጡት አንዱ 2-አንዴካኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አሜሪካ ውስጥ የትንኝ ማባረሪያ ሆኖ ተመዝግቧል። ቤት ውስጥ ጤና አዳም ማንጠልጠል ያለ ነገር አልተጀመረም። ሩቲን የሚባለው ታዋቂ ንጥረ ነገር እንኳ ስሙን ያገኘው ከዚህ ተክል ወገን ነው። ነገር ግን አይጥ ላይ ሠራ ማለት ሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። በሰው ላይ በወጉ የተደረገ ሙከራ በጣም ጥቂት ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትዝ ይላችኋል? ኮሮና አገር ውስጥ በገባ በሳምንታት ውስጥ ከአገር በቀል ዕፅዋት መድኃኒት ሊገኝ ነው የሚል ተስፋ በመንግሥት ደረጃ ተነገረ። ጉልት ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ጤና አዳም ተፈላጊ ሆኑ። ምርመራ ሳይደረግ የሚነገር ተስፋ ምን ያህል ቶሎ ወደ ብርጭቆ እንደሚገባ ያኔ አይተናል። የተመራማሪው የዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ ግን ሌላ መንገድ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያ በኋላ ዓመታት ፈጀ። መጠኑ ተለካ፣ ምን እንደሚገድልና ምን እንደማይጎዳ ተፈተሸ። ጤና አዳም እንደዚያ ዓይነት ሰው አላገኘም።

እስከዚያ ድረስ ጠርሙስ የምትገዙ ከሆነ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ። አንድ ጠርሙስ ስኳርንም ካንሰርንም ስንፈተ ወሲብንም ያድናል ከተባለ መጠየቅም አያስፈልግም፤ አስቀምጣችሁ ውጡ።

የእኔ ጤና አዳም መልሶ አቆጥቁጧል። አልነቀልኩትም። ልጆች ከሚሮጡበት መተላለፊያ አንስቼ ከውሃ ታንከሩ ኋላ ተከልኩት። ስከረክመው ረጅም እጅጌ ለብሼ፣ ጓንት አድርጌ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። እኚያ ሸረሪቷን የከሰሱት ጎረቤቴ አሁንም ቅዳሜ ጠዋት በአጥሩ በኩል "አንድ ቀንበጥ ለቡና" ይሉኛል። እቆርጥላቸዋለሁ። አንድ ቀንበጥ።